የኮሶ መደብ

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ማጣፈጫ ይናገረዋል፤ አስቻለች ግን ትኖርበት ነበር። ገንፎ ሲቀርብላት እውነትም መሀሉን በማንኪያ ገልጣ ታያለች። ጨው ስትገዛ ትልሳለች፣ ቆይታ ደግሞ እንደገና ትልሳለች፤ የመጀመሪያው ቅምሻ ሊያታልል ይችላላ። መንገድ ላይ «እንደምን አደርሽ» ያላት ሰው ቢኖር «ምን ሰማህ?» ብላ ነው የምትመልሰው። ጂንካ ውስጥ እሷን ሰላም ለማለት የሚደፍር ወይ አዲስ መጤ ነው፣ ወይ ሆዱን የሚቆርጠው ነው። ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ምርጫ የለውም፤ አስቻለች የምትሸጠው ኮሶ ነበርና።

ትውልዷ ጋይንት ነው። ወደ ኦሞ አገር ያመጣት ባሏ አስር አለቃ ውቤ ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ ፖሊስ ሆኖ መጀመሪያ ባኮ፣ ኋላም ጂንካ ተመደበ፤ ከዚያ «ለጥቂት ጊዜ» ተብሎ ወደ ኦሞራቴ ተላከ። ጥቂቱ ጊዜ አላለቀም፣ ውቤ አለቀ። ወባ ነው የገደለው አሉ። አስቻለች ግን ኪኒኑን የሰጡት ሰዎች ምን ኪኒን እንደሰጡት ማን አየ ብላ ጠየቀች፤ የሚመልስላት ስላልነበረ ጥያቄው አብሯት አረጀ። ከዚያ ወዲህ ነጭ፣ ክብና ትንሽ የሆነ ነገር ሁሉ ጠላቷ ነው። ጤና ጣቢያው ለሆድ ትል ኪኒን ማደል ሲጀምር «መራራ ያልሆነ መድኃኒት ምን ሊሠራ ነው የመጣው?» አለች፤ ብዙ ሰውም በዚህ ተስማማ። መድኃኒት ካላንገፈገፈ ማን ያምነዋል።

የኮሶ ዛፍ ደጋ ይወዳል። አበባውን ከገዘር በላይ ካለው ደጋ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ በጆንያ ተሸክሞ የሚያመጣላት ሶርሳ የሚባል የአሪ ገበሬ ነበር። በመጣ ቁጥር ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግፋ ትበረብራለች።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ ትዘረግፊያለሽ» አላት ሶርሳ አንድ ቀን። አማርኛን የለመደው ከገበያ ስለሆነ ቃሉን እየመዘነ ነው የሚያወጣው። «ኮሶ ውስጥ ሰው ምን ይጨምራል? ከኮሶ የባሰ ነገር ካገኘሁ እኔ ለብቻው ነው የምሸጠው።»

«እሱንም አግኝተኸው ይሆናል» አለችና መበርበሯን ቀጠለች።

ገበያው ላይ ያላት ሀብት አንዲት መደብ ናት። መደብ ማለት ያው መደብ ነው፤ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በጭቃ የተመረገ፣ ሻጭ ከነሸቀጡ የሚቀመጥበት። ውቤ የተወላት የቆርቆሮ ቤትና ስሙን ነው፤ የምትበላው ከዚያች መደብ ነው። ከዋርካው ጥላ ጫፍ ላይ ናት፤ በቀኟ ጨው፣ አብሽና በርበሬ የምትሸጠው የስልጤዋ መኪያ ትቀመጣለች። በሁለቱ መካከል አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለች፤ ድንበራቸው ናት።

«ይቺ ድንጋይ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ነበረች?» ትላለች አስቻለች፣ ገና ጆንያዋን ሳታወርድ።

«ወላሂ አልነካኋትም፣ እትዬ።»

«ነካሽ አላልኩም። ነበረች ወይ ነው ያልኩት።»

«ድንጋይ እግር የለው።»

«አንቺ ግን አለሽ።»

እንዲህ ተባብለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ይውላሉ። አንዷ ዞር ስትል ሌላዋ ትጠብቅላታለች፤ አስቻለች ስትመለስ ግን አበባዋን በዓይኗ ሳትለካ አትቀመጥም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሲመጣም ሌላ መደብ ይዞ መጣ። ድሮ ሰው መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን መደብ ሰው ላይ ተቀመጠ። ቀበሌው ነዋሪውን ሲመዘግብ ጸሐፊው «መደብሽ ምንድን ነው?» አላት። «ከመኪያ ጎን፣ ዋርካው ሥር» አለችው። ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀና «ንዑስ ከበርቴ» ብሎ ጻፈ። ምን እንደተጻፈባት አላወቀችም፤ ሰውየው ሳይስቅ ስለጻፈው ግን መልካም ነገር እንዳልሆነ ጠረጠረች። በዚህስ ልክ ነበረች።

የቀበሌው የውይይት ክበብ ኃላፊ ጓድ ነጋሽ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ያን ጊዜ ንግግሩ «ሳብ»ና «ያዝ» ብቻ ስለነበር ሰው ይግባባው ነበር። በኋላ በራሪ ወረቀት ማንበብ ጀመረና አንደበቱ ተበላሸ። ሽንኩርት ተወደደ ለማለት «ከተጨባጩ ሁኔታ በመነሣት» ብሎ ይጀምራል፤ ሽንኩርቱ ጋ ሳይደርስ ይመሻል። ሕዝቡ ደግሞ እሁድ እሁድ አዳራሽ ተሰብስቦ ይህን መስማት ግዴታው ነው። ግዴታ ማምለጫ ይወልዳል፤ የጂንካ ሰው ማምለጫ ኮሶ ነበር።

ኮሶ የጠጣ ሰው ወግ አለው። በጠዋት በባዶ ሆዱ ጨልጦት በሩን ይዘጋል። ያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፤ ለለቅሶ እንኳ አይጠራም፤ ዳኛ ቢፈልገው «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ቀጠሮው ይተላለፍለታል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ማየት የማይፈልገው ሥራ ላይ ነዋ። አብዮቱ ስንቱን ወግ ሲሽር ይህን መሻር ረሳ። እሁድ ጠዋት አብዮት ጠባቂው ቤት ለቤት እየዞረ ሲቀሰቅስ ከየበሩ ጀርባ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» የሚል የታመመ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚህም ቤት፣ ከዚያም ቤት። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ ጥሬ ሥጋ መደብ አይለይም፣ ኮሶም አይለይም። የሚበዛው ግን የሚዋሽ ነው። ከሷ ሳይገዛ ጠጣሁ የሚለውን አስቻለች አንድ በአንድ ታውቀዋለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አትልም። ደግ ሆና አይደለም። የነገረችው ሰው ነገሩን ምን እንደሚያደርግበት ስለማታውቅ ነው።

ጓድ ነጋሽ ከባዶ አግዳሚ ጋር መወያየት ሲሰለቸው እሱም በተራው መጠርጠር ጀመረ። ይህች ሴት የምትሸጠው መድኃኒት ነው ወይስ የዕረፍት ፈቃድ? ጎታች ባህል ነው አለ። የስብሰባ አሻጥር ነው አለ። ይህን ሁሉ የሚለው ሰው ጎህ ሲቀድ በጓሮዋ በኩል ብቅ ይልና «ለእንግዳ ነው» እያለ አንድ ጥቅል ይወስድ ነበር። የነጋሽ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደማይሄድ አስቻለች ጠይቃው አታውቅም። በዓውደ ዓመት ቁርጥ ፊት ሲቀመጥ ያየው ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም።

ነገሩን ያመጣው ግን መምህር አንጁሎ ነው። የጋሞ ሰው ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚያስተምር። ክበቡ «ሳይንስና ኋላ ቀር እምነት» በሚል ርዕስ ትምህርት ስጥ አለው። በዚያ ዘመን «ጴንጤ ነው» ተብሎ መጠቆም ቀላል ነገር አልነበረምና እምቢ ለማለት አልደፈረም። አስቻለች ያን እሁድ ወደ አዳራሹ የሄደችው ልትማር አይደለም። «ኋላ ቀር» ሲሉ ሰምታ፣ እኔን ሊያሙ ነው ብላ ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

አንጁሎ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ውስጡ ያለው ትል ሰፈሩ ሁሉ ከሚቀዳበት፣ ከቀበሌው በታች ካለው ምንጭ የመጣ ነው። ቁራጭ ጉበት በክር አስሮ ምንጩ ውስጥ ሲጥል፣ ትሎቹ ከየድንጋዩ ሥር ወጥተው ጉበቱ ላይ መሰብሰባቸውን ተናገረ። «ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ» አለ።

«እንግዲያማ የኛው ሰዎች ናቸው» አለ ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አስቻለች ጋ ሲደርስ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ከጥፍር የማይበልጥ፣ ቡናማ፣ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነገር ነው። እግር የለው፣ እንደ ሌላ ትል አይተጣጠፍ፤ ዘይት እንደ ፈሰሰ ብቻ መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል። ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለት ዓይኖች አሉት፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ሸውራራ ነው። አስቻለች ትሉ እሷን የጠረጠራት መሰላትና ብርጭቆውን ቶሎ አሳለፈችው።

አንጁሎ ቀጠለ። የዚህ ትል አፉ ራሱ ላይ አይደለም፣ ሆዱ ላይ ነው፤ ሌላ መውጫም የለውም፣ የበላው በገባበት ይወጣል። አንዱ ትል ወንድም ነው፣ ሴትም ነው። ብርሃን ይሸሻል፤ ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ይውላል። ውሃው ከቆሸሸ አይኖርበትም። «ከሁሉ የሚደንቀው ግን» አለ፤ የሙያው ፍቅር ይዞት ሄዷል፤ «በምላጭ ለሁለት ብትቆርጡት አይሞትም። ጭንቅላቱ ጅራት ያበቅላል፣ ጅራቱም ጭንቅላት ያበቅላል። ሁለት ይሆናል።»

ሳቁ ቆመ። ጓድ ነጋሽ ከመድረኩ ጥግ ቀና አለ።

«መምህር፣ ይኼ ስለ ማን ነው?»

«ስለ ትል ነው፣ ጓድ።»

«ጭንቅላቱን ብንቆርጠው ሌላ ያበቅላል ነው የምትለን።»

«እኛ ብቻ ሳንሆን… ማንም ቢቆርጠው፣ ጓድ።»

«ብርሃን አይወድም አልክ። ድንጋይ ሥር ይደበቃል አልክ። ሲቆረጥ ይበዛል አልክ።» ነጋሽ ጣቶቹን አጠፈ። «እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊት እናውቀዋለን። ያኔ ስሙ ትል አልነበረም።»

አንጁሎ ግንባሩን ጠረገ። ሰው ሲፈራ ወደሚያውቀው ይሮጣል፤ እሱ ደግሞ ምደባ ያውቃል። በእንግሊዝኛ የተማረውን እዚያው ቆሞ በአማርኛ ለማስረዳት ሞከረ፤ ሳይንስ ሕያው የሆነውን ሁሉ በየወገኑ ይከፍላል፣ ወገኑን ደግሞ በየመደቡ ይከፍላል አለ። «መደብ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ስትወጣ የነጋሽ ፊት ፈታ አለ። ከዚህ ሁሉ ንግግር የሚያውቃት እሷን ነበረች።

«መደብ አለው?»

«አለው፣ ጓድ።»

«ጥሩ። ከማን ጋር ነው የሚሰለፈው?»

«ጠፍጣፋ ትሎች ከሚባሉት ነው። የኮሶ ትልም ጠፍጣፋ ነው። አንድ ወገን ናቸው።»

«በአንድ መደብ ናቸው ነው የምትለው።»

አንጁሎ አፉን ከፈተ። ወገን ነው እንጂ መደብ አይደለም ሊል ነበር። ነገር ግን መደብ ነው ያለን ካድሬ መደብ አይደለም ማለት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። «አዎ» አለ።

«ይህ ትልና ኮሶ ከአንድ መደብ ናቸው» ብሎ ነጋሽ ለአዳራሹ አጠቃለለ። ተጨበጨበ። እያጨበጨበ ሁሉም ዞሮ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን አስቻለችን አያት። ጂንካ ውስጥ ኮሶና መደብ አብረው ከተጠሩ የሚታወቀው ቦታ አንድ ነው።

ወሬው ቅዳሜ ገበያ የደረሰው ከሷ ቀድሞ ነው። የምንጩ ትል የመጣው ከአስቻለች መደብ ነው፤ ሳይንስ አረጋግጧል፣ መምህሩ በአፉ ተናግሯል። ትሉን ውሃው ውስጥ ትዘራለች፤ ሰው ይጠጣል፤ ኮሶ ይታየዋል፤ መድኃኒቱን ሄዶ ከሷው ይገዛል። ጂንካ እንዲህ ያለ የተሟላ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ አመነ። ከምንጩ በላይ ጆንያ ስታጥብ ያየ ሰው ተገኘ። ያላየም ሰው ተገኘ፤ እሱም መሰከረ። ገዢው በመደቧ ፊት ሲያልፍ ዓይኑን ዋርካው ላይ ያደርጋል፤ ዋርካውን ከዚያ በፊት ያላየው ይመስል።

ሶርሳ ወሬውን ገዘር ድረስ ሰምቶ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ‹አስቻለች ውሃ ውስጥ ኮሶ ትዘራለች› ይላሉ» አላት። «እኔ ተከራከርኩልሽ። ኮሶ ትልቅ ዛፍ ነው፣ ደጋ ነው የሚበቅል፣ ውሃ ውስጥ ብትዘሩት ይበሰብሳል አልኳቸው። አልገባቸውም።»

«አንተም አልገባህም» አለችው።

መኪያ ከወዲያ በኩል አብሿን እያበጠረች «እኔ ለማንም ምንም አላልኩም» አለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

«አልሽ አላልኩሽም።»

«ፊትሽ ብሎኛል።»

አስቻለች ጥቁሯን ድንጋይ አየቻት። የሷ መደብ ብትነጠቅ የማን መደብ ነው የሚሰፋው? ለዚህኛው ሳይንስ አያስፈልግም። ይህን እያሰላሰለች ሳለ አብዮት ጠባቂው መጣና በማግሥቱ እሁድ ጉዳይዋ በአዳራሹ እንደሚታይ፣ የቀረበውም ሐሳብ መደቧ እንዲነጠቅ መሆኑን ነገራት። ነገሩን ሲያበቃ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። ኮሶ ሊገዛ ፈልጎ እንደነበር ገብቷታል፤ የጆንያዋን አፍ አሰረች።

ገበያው እንደተበተነ ሳታድር ሳታመነታ መምህሩን ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ደጃፉ ላይ የትል ብርጭቆውን ይዞ ውሃ ይቀይር ነበር።

«ማን ልኮህ ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ ማንም።»

«መኪያ ናት?»

«መኪያን አላውቃትም።»

«አብሽ አትበላም?»

አንጁሎ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ስህተቱ የሱ ነው። የምንጩ ትልና የኮሶ ትል ወገናቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸውና፤ መደባቸው ግን ለየቅል ነው። የኮሶው ትል ጥገኛ ነው፤ የራሱ አፍ የለው፣ የራሱ አንጀት የለው፣ ሰው አንጀት ውስጥ ተጋድሞ ሌላው ያላመጠውን በቆዳው ይመጥጣል። ይሄኛው ግን ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ቢውጡትም ይሞታል።

«ታዲያ ለምን አዎ አልክ?»

«ጓድ ነጋሽ መደብ ነው ሲል አይደለም ይባላል?»

ይህን ብቻ አመነችው። ከሰው አፍ ከሰማችው ሁሉ ፍርሃት ብቻ ነው የማያጠራጥራት።

«ነገ ይህንኑ ትናገራለህ?»

«እግዚአብሔር ይርዳኝ» አለ፤ ወዲያውም እግዚአብሔር ማለቱን ማን እንደሰማ ለማየት አጥሩን ተመለከተ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ያን ቀን ኮሶ የጠጣ አልነበረም፤ የሰው ጉድ ለማየት ሲሆን ሆድ ሁሉ ደህና ያድራል። ጓድ ነጋሽ የጤና አሻጥር የሚለውን ክስ ከሩቅ ተነሥቶ፣ ከጥንተ ማኅበረሰብ ጀምሮ፣ በባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት በኩል አልፎ አስቻለች ላይ አደረሰው። ከዚያ ሳይንስ ይመስክር አለና አንጁሎን አስነሣው።

አንጁሎ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ነካ። «ጓድ፣ ግለ ሂስ አለኝ» አለ።

ብልህ ነው ይህን ጊዜ። በዚያ ዘመን ሰው እውነት መናገር ከፈለገ ራሱን እየሰደበ ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

«ባለፈው የተናገርኩት ስህተት ነበር። ንዑስ ከበርቴያዊ ችኮላ ይዞኝ ነው። ትሉና ኮሶው ወገናቸው አንድ ነው፣ መደባቸው ግን የተለያየ ነው። የኮሶው ትል ጥገኛ ነው። የምንጩ ትል ግን ራሱን ችሎ የሚኖር፣ እንዲያውም ላብ አደር ነው ማለት ይቻላል።»

ነጋሽ «ላብ አደር» ሲባል ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ መለሰው። «ስለዚህ ከኮሶው መደብ አይደለም?»

«አይደለም፣ ጓድ። ከሌላ መደብ ነው።»

አዳራሹ ለአፍታ አሰበ። ከሌላ መደብ። ከኮሶው መደብ ካልሆነ ከየትኛው መደብ? ከዚያ ራሶች አንድ በአንድ ዞሩና መኪያ ላይ አረፉ። «ለነገሩ አብሽ ውሃ ውስጥ ይነከራል» አለ አንዱ በቀስታ። መኪያ ሻሿን አጠበቀች።

አስቻለች ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም፤ ስንት ቅዳሜ የተገፋች ድንጋይ ያን ደቂቃ ወደ ቦታዋ የተመለሰች መሰላት። ነገር ግን አስቻለች ደስታንም ትጠረጥራለች። ዛሬ የመኪያን መደብ ቢወስዱ ነገ ጎረቤቷ ማን ነው? ቀበሌው ነው። ከመኪያ ጋር ሲሆን ድንበሩ ድንጋይ ነው፤ ቀበሌ ድንጋይ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ብድግ አለች።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ተከሳሽ ጥያቄ የላትም» አለ ነጋሽ።

«እንግዲያስ ግለ ሂስ አለኝ።»

ግለ ሂስን የሚከለክል በራሪ ወረቀት ነጋሽ አላነበበም። «ቀጥይ» አለ።

«እኔ ልዝራው፣ እሷ ትዝራው፣ የተዘራ ነገር ይበቅላል። ከምንጩ የማይጠጣ ሰው እዚህ አለ?» ጣቷን ወደ አግዳሚው ዘረጋች። «የለም። ሁላችንም ጠጥተናል። በሉ እንግዲህ፣ ኮሶ ያለበት እጁን ያንሣ።»

የጂንካ ሕዝብ እጅ ማንሣት የሠለጠነበት ሥራ ነው። ስለ ደቡብ አፍሪካ አንሥቷል፣ ስለ ቬትናም አንሥቷል፣ ምን እንደሆነ ላልሰማው ነገርም አንሥቷል። ያን ቀን ግን እጅ ሁሉ ከበደ። ባለፈው እሁድ ከበሩ ጀርባ ሲያቃስት የነበረው ሰው እጁ ላይ ተቀመጠ። አስቻለች አግዳሚውን ተራ በተራ፣ ፊት በፊት አየችው፤ የማን እውነት የማን ውሸት እንደሆነ ታውቃለች፣ እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። በመጨረሻ ዓይኗ ነጋሽ ላይ አረፈ። ነጋሽ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«እንግዳም ካለ ያንሣ» አለች አስቻለች በለሆሳስ።

ነጋሽ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አኮማተረው። «የለም» አለ ቶሎ ብሎ። «በዚህ ቀበሌ ኮሶ ያለበት ሰው የለም። በአንድ ድምፅ ተረጋግጧል።»

መኪያ ትንፋሿን ለቀቀች። አንጁሎ ተቀመጠ። አስቻለችም ልትቀመጥ ጉልበቷን አጠፈች፤ ነገር ግን በራሪ ወረቀት ያሳደገው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። ነጋሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዚህ ተጨባጭ ሁኔታ በመነሣት» አለ፣ «ኮሶ ለሌለበት ቀበሌ የኮሶ መደብ አያስፈልግም። መደቡ ለቀበሌው ይመለስ። እንዲሁም ኮሶ የሌለበት ሰው ኮሶ ጠጥቻለሁ ብሎ ከስብሰባ ሊቀር አይችልም። የሚደግፍ?»

እጅ ተነሣ፤ ጭብጨባም ተከተለ። ትርጉሙ ለሕዝቡ የደረሰው ከጭብጨባው በኋላ ነው። እያጨበጨበ የነበረ አንድ ሽማግሌ መዳፉን አየር ላይ አቁሞ ጎረቤቱን «አሁን ምንድን ነው ያጸደቅነው?» አለው። «እሁድን» አለው ጎረቤቱ።

ከዚያ ወዲህ የጂንካ ሰው በየእሁዱ አዳራሹን ሞልቶ ስለ ሽንኩርት ይሰማል፤ ሽንኩርቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትሎቹ ከምንጩ ድንጋይ ሥር እንደ ድሯቸው ናቸው፤ የላብ አደር ማዕረግ ማግኘታቸውን የነገራቸው የለም።

አስቻለች የሚቀጥለው ቅዳሜ ጆንያዋንና ዣንጥላዋን ይዛ ገበያ መጣች። ለምን እንደመጣች እሷም አታውቅም። በመደቧ ላይ ቀበሌው የመፈክር ሰሌዳ ተክሎበታል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ቆማ አየችው።

«ምን ቆምሽ፣ እትዬ?» አለች መኪያ። የአብሽ ቁናዋን ገፋ አደረገች፤ በርበሬውን ወደ ራሷ ሳበች፤ መደቧ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተ። «ነይ ቁጭ በይ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምን እፈልጋለሁ።»

«ሰው ምንም ሳይፈልግ መደብ አይሰጥም።»

«እሺ፣ ዣንጥላሽን ፈልጌ ነው። ሰሌዳቸውን ሲተክሉ የዋርካውን ቅርንጫፍ ቆርጠውት ፀሐዩ ይመታኛል።»

ይህ ምክንያት ነው፤ አስቻለች ምክንያት ሲሰጧት ትንሽ ትረጋጋለች። ተቀመጠች። ኮሶዋ ከአብሹ ጆንያ ሥር ገባ። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ከሄደው የማይተናነስ ሰው መኪያ ጋ እየመጣ «ያንን መራራውን አብሽ» እያለ ሲጠይቅ ዋለ። ጎህ ሲቀድ በጓሮ የሚመጣውም አልቀረም፤ እንግዳው አሁንም አልሄደለትም።

አመሻሹ ላይ ገበያው ሲበተን አስቻለች ወደ እግሯ አየች፤ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።

«ጥቁሯ ድንጋይ የት ሄደች?»

«ምን ያደርግልሻል አሁን፣ አንድ መደብ ላይ ተቀምጠን?»

«የት ሄደች ነው ያልኩት።»

መኪያ ሳቀችና ከጆንያዎቹ መሀል አውጥታ አሳየቻት፤ የጨው ጆንያ አፍ እንዳይከፈት ጭናበት ነበር። አስቻለች ድንጋይዋን አነሣች፣ አገላበጠቻት፣ ያችው መሆኗን አረጋገጠች። ከዚያ የመኪያ መደብ ላይ በተሰጣት ቦታ አኖረቻትና ላይዋ ላይ ተቀመጠች። እንግዲህ ድንጋይዋ የምትሄድ ከሆነ እሷን ይዛ ነው የምትሄደው።